ልጁን ሳያሳፍሩ መደገፍ

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። አራተኛ ክፍል፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ። መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ሲናገር ይንተባተባል። ቃሉ አፉ ላይ ይደርስና ይቆማል፣ አንገቱ ይወጠራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ድንገት ይወጣለታል። ተራው ደርሶ አንድ አንቀጽ አነበበ። ሲጨርስ ደስ አለኝና «በሉ አጨብጭቡለት!» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ። ከሱ በፊት ላነበቡት ስድስት ልጆች ግን ማንም አላጨበጨበም። ልጁ ይህን ቆጥሯል። በማግስቱ ቀረ። ከዚያም በሚቀጥለው ቀን።

ክፋት አስቤ አልነበረም። እንዲያውም ያን ቀን ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ጭብጨባ ልጁን «አንተ አንድ አንቀጽ ማንበብህ ራሱ ተአምር ነው» ብሎታል። ያውም ስልሳ ልጅ ፊት።

ተጨማሪ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች መርዳት አለብን በሚለው ላይ ዛሬ ብዙ ሰው ይስማማል። ጭቅጭቁ ያለው «እንዴት» የሚለው ላይ ነው። እኔ አሁን አንድ ነገር ባደረግሁ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ነገር ልጁን ከትምህርቱ ጋር አገናኘው ወይስ ልጁን ለእይታ አቆመው?

እስቲ እነማን ናቸው ከሚለው እንጀምር። «ልዩ ፍላጎት» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ነጭ በትር፣ ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ ያለው ግን ከዚህ በጣም ይሰፋል። መነጽር ስለሌለው ብቻ ሰሌዳውን የማያይ አለ። ጆሮው እየመገለ ግማሹን የማይሰማ፣ ነገር ግን «ተጠርቶ የማይመልስ ባለጌ» የሚል ስም የወጣለት አለ። የሚጥል በሽታ ያለባት አለች። ኦቲዝም ያለበት አለ። አምስት ደቂቃ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያቅተው አለ። ከተፈናቀለ ቤተሰብ የመጣና ሁለት ዓመት ትምህርት ያመለጠው አለ፤ እሱም ድጋፍ ይፈልጋል።

ስለ ንባብ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማንበብን የሚያከብድ ችግር፣ ሲባል የፈረንጅ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የኛን ፊደል እስቲ በልጅ ዓይን ተመልከቱት። 33 ፊደል በ7 ቤት ሲባዛ 231 ምልክት ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ መልካቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ ነው። አብዛኛው ልጅ ይህን በልምምድ ይሻገረዋል። አንዳንዱ ግን የቱንም ያህል ቢለፋ ሆሄውንና ድምፁን ማገናኘት ይከብደዋል። ይህ ከስንፍና ጋር አይገናኝም፣ ከብልህነትም ጋር አይገናኝም። ያነበባችሁለትን ታሪክ በቃል ጠይቁት፣ ከነዝርዝሩ ይነግራችኋል። ደብተሩን ያየ መምህር ግን «ሰነፍ» ብሎ በቀይ ጽፎበት ያልፋል።

ስለ ቃላት ደግሞ። አማርኛችን ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማውንም፣ ምንም የማያውቀውንም በአንድ ስም ይጠራል። መስማት የተሳነው ልጅ ይህን ቃል በጆሮው ባይሰማውም በከንፈር ያነበዋል፣ በሳቁም ያውቀዋል። ስለዚህ «መስማት የተሳነው»፣ «ዓይነ ስውር» ወይም «ማየት የተሳናት»፣ «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት» የሚሉት አባባሎች ለወጉ ያህል የመጡ አይደሉም። ግን አዲሱ ቃልም ቶሎ ይቆሽሻል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «ልዩ ፍላጎቶቹን ጥራልኝ» ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ልጆቹ እኮ ስም አላቸው። ያንን መጥራት ይቀላል።

አንድ ነገር ላንሳ፣ ከርዕሱ ወጣ ካልኩ ይቅርታ። ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ሐሳብ የሚመስለው ሰው የአብነት ትምህርት ቤትን ያስታውስ። እዚያ ክፍል የሚባል ነገር የለም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፣ ሌላው ዜማ ላይ ነው፣ ሁሉም በየራሱ እርምጃ። የኔታ አንድ በአንድ ይሰሙታል፤ የቀደመው የኋላውን ያስጠናል። ትምህርቱ በቃል ስለሆነም ዓይነ ስውር ተማሪ ሊቅ ሆኖ፣ መሪጌታ ሆኖ ይወጣ ነበር። ጉድለት አልነበረውም አልልም፣ አርጩሜውን የቀመሰ ያውቀዋል። ግን «እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት» የሚለው ነገር ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው ስልሳ ልጅ በአንድ ቀን አንድ ገጽ ይጨርስ የሚለው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። በአገራችን ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው ልዩ ትምህርት ቤት ነው፤ የሰበታውን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትና የመካኒሳውን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ሁለተኛው በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ነው። ሦስተኛው አካቶ ይባላል፤ ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ራሱን ለልጁ ያመቻቻል። መሠመር ያለበት የመጨረሻው ሐረግ ነው። ልጁን ክፍል አስገብቶ «እንግዲህ እንደምንም ተማር» ማለት አካቶ አይደለም፤ ማስቀመጥ ነው።

ሕጉ ወደየት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ልዩ ተሰጥዖ ያላቸውም እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት ይደረጋል ይል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፤ ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም፣ ቁጥር 624፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። እንግዲህ ሕጉ ይህን እያለ ስንቱ ትምህርት ቤት ነው ቤተ መጻሕፍቱን ፎቅ ላይ የሰቀለው፣ ሽንት ቤቱን ሦስት ደረጃ ላይ የሠራው? ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች ልጅ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላ ውሃ ሳትጠጣ የምትውልበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ክብር ማውራት ይከብዳል።

ግን አካቶ ማለት ሁሉንም ልጅ አንድ ክፍል ማጨቅ ነው ብላችሁ እንዳትረዱት። መስማት የተሳነው ልጅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቤቱ ውስጥ ምልክት ቋንቋ የሚችል የለም፣ ሰፈር ውስጥ የለም፣ ክፍል ውስጥም የለም እንበል። ይህ ልጅ ስልሳ ልጅ መሃል ተቀምጦ ብቻውን ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ የጣት ፊደሉ እንኳ ለግዕዝ ፊደል የተበጀ ነው፣ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ሲያሳይ እንቅስቃሴው ቤቱን ይነግራል። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ቋንቋውን ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ሲውል ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሰሎቹ ያሉበት ክፍል ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ይልቅ የበለጠ «አካቶ» ሊሆን ይችላል። እዚያው አንቀጽ 24 ላይ ለነዚህ ልጆች ለግለሰቡ በሚስማማ ቋንቋና አካባቢ ትምህርት ይሰጥ የተባለውም ለዚህ ነው። «የትኛው ይሻላል» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ መልስ የሚሰጣችሁን ባለሙያ ጠርጥሩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚምታታበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ድጋፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መንገዱን መቀየር ነው፤ ሌላው መድረሻውን ዝቅ ማድረግ። የዓይን ችግር ላለባት ልጅ ፈተናውን በትልቅ ፊደል ማተም መንገድ መቀየር ነው። ጥያቄው ያው ነው፣ መልሱም ያው ነው። ብሬል ለሚጽፍ ልጅ ሰዓት መጨመርም እንደዚሁ። እኛ «ቡ» ብለን አንድ ሆሄ የምንጽፈው በብሬል የ«ብ» እና የ«ኡ» ሁለት ቦታ ይይዛል፤ ያውም ነጥብ በነጥብ ስታይለስ በሚባል መውጊያ እየተወጋ። ልጁ በተሰጠው ሰዓት ስላልጨረሰ አላወቀም ማለት አይደለም፤ እጁ አልደረሰም።

መድረሻውን ዝቅ ማድረግ ሌላ ነው። ሌላው ልጅ ክፍልፋይ ሲማር አንዱ መደመር ይማራል። ይህም አንዳንዴ ትክክል ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባት ልጅ ገንዘብ ቆጥሮ መልስ መቀበል ከክፍልፋይ የበለጠ ሊጠቅማት ይችላል። አደጋው መንገድ መቀየር ሲበቃ መድረሻውን ስንነካ ነው። በአገራችን ብዙ ዓይነ ስውር ተማሪዎች «ሒሳብ ይከብዳችኋል» ተብለው ሒሳብን ትተው ነው ያደጉት። ደግነት ይመስላል አይደል? የሚነካ ሥዕል፣ አባከስ የሚባለው በእጅ የሚቆጠርበት መሣሪያ፣ በብሬል የተጻፈ ቁጥር ማቅረብ ስለከበደን ትምህርቱን ራሱን ቀማናቸው፤ ከትምህርቱ ጋር ደግሞ ሒሳብ የሚጠይቀውን የሥራ መስክ ሁሉ። እንግዲህ እንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ «አዘንኩልህ» ብሎ ይጀምርና በር ዘግቶ ያልቃል። ዓይነ ስውር ኢትዮጵያዊት ጠበቃ አለች፣ የትነበርሽ ንጉሤ፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች። እሷ «ይከብድሻል» ብቻ እየተባለች ብታድግ ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር አስቡት።

ከዚያ ደግሞ «ፍትሐዊ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ በተለይ ከልጆቹ። «ቲቸር ለሱ ለምን ሰዓት ይጨመርለታል?» እኔ የምመልሰው በመነጽር ነው። «እንትና መነጽር አድርጋለች። አንተስ ለምን አልተሰጠህም?» «እኔማ አያለሁ።» «በቃ።» አራተኛ ክፍል ይህን ለመረዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ወላጆች ናቸው ረጅም ጊዜ የሚወስድባቸው፤ በተለይ «ልጄ ከክፍል ስንተኛ ወጣ» ብለው ካርድ ይዘው የሚመጡት።

ወደ ዕለት ተዕለቱ ልግባ። ክብር የሚታየው እዚህ ጥቃቅኑ ላይ ነው።

ልጁን ራሱን አናግሩት። ከዓይነ ስውር ልጅ ጋር ጓደኛው አብሮ ቆሞ ሳለ ጓደኛውን «ምሳ በልቷል?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር አይቻለሁ። ልጁ የማያይ ነው እንጂ የማይሰማ አይደለም። ስትጠጉት ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፤ «እስቲ ማን ነኝ? በድምፄ ለየኝ» የሚባለው ጨዋታ ለእናንተ ነው የሚያስቀው። ስትመሩት ክንዳችሁን ስጡት፣ እሱ ይያዛችሁ፤ በትሩን ይዛችሁ አትጎትቱ። ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን እየጻፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ይህቺ አንዷ ነገር ከኋላ የተቀመጡትን፣ መነጽር የሌላቸውን፣ ቀስ ብለው የሚገለብጡትን ሁሉ ትጠቅማለች፣ ማንንም ሳትጠቁም። እንደዚህ ዓይነት ድጋፍ በጣም ነው የምወደው፤ ለሁሉም ተሰጥቶ የሚያስፈልገው ልጅ የሚወስደው።

መስማት የሚቸገር ልጅ ካለ ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ አታውሩ። ጀርባችሁ ከንፈር የለውም። መስኮቱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ አትቁሙ፣ ፊታችሁ ጥላ ይሆናል። መጮህም አይረዳም፤ ጩኸት ከንፈርን ያጣምማል፣ ክፍሉንም ያዞራል። ልጁ «ገባህ?» ሲባል «አዎ» ይላል፤ ሁላችንም እንላለን። «እስቲ የቤት ሥራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ተሽከርካሪ ወንበር የልጁ አካል እንደሆነ አድርጋችሁ አስቡት፤ ሳትጠይቁ አትግፉ፣ አትደገፉበት፣ ቦርሳ አትስቀሉበት። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚከብደው ያልተጠበቀ ለውጥ ነው። ስፖርት ቀርቶ ሌላ ትምህርት ከተተካ አስቀድማችሁ ንገሩት። ደወሉ፣ የሰልፉ ማይክራፎን፣ የሚኒ ሚዲያው ጩኸት ጆሮውን ሊያሳምመው ይችላል፤ ጆሮውን የሚይዘው ለረብሻ አይደለም። «ዓይኔን እያየህ መልስ» አትበሉት። ዓይን ሳያይ በደንብ ይሰማል። በነገራችን ላይ በአገራችን ኦቲዝም በአደባባይ እንዲወራ ካደረጉት ቀዳሚዋ ነፍሷን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነች፤ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ለልጇ ትምህርት ቤት ስታጣ ነው።

ስለሚጥል በሽታ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የምንሠራው ስህተት አካልንም ክብርንም ይጎዳል። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ወደቀች እንበል። ክብሪት ጭራችሁ አታሽቷት። አይጠቅምም፣ ሊያቃጥላትም ይችላል። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም ጣትም አትክተቱ፤ ምላስ አይዋጥም፣ ጥርስ ግን ይሰበራል። አትያዟት፣ አታስሯት። አካባቢዋ ያለውን ዴስክ ግፉ፣ ጭንቅላቷ ሥር ሹራብ አድርጉ፣ ወደ ጎን አዙሯት፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ካገረሸባት፣ ወይም ከተጎዳች፣ ወደ ሕክምና ውሰዷት። በሽታው አይተላለፍም፤ የነካት ሰው አይያዝም። ከዚያ ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት ክፍል አለ። ሽንት አምልጧት ሊሆን ይችላል። ነጠላ ወይም ጋቢ ጣል አድርጉባት፣ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጡ፣ አንድ ሰው ብቻ አብሯት ይቅር። ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ስልሳ ዓይን ከሆነ ነገ አትመጣም። ስትመለስ ምን እንዲነገርላት እንደምትፈልግ ጠይቋት። አንዷ «እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» ልትል ትችላለች፣ ሌላዋ «ምንም አትበሉ» ልትል ትችላለች። ሁለቱም መልስ ነው።

ማን ምን ይወቅ የሚለውም የክብር ጉዳይ ነው። የልጁ የሕክምና ወረቀት መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ሻይ የሚቀመጥበት መሆን የለበትም። እኛ መምህራን ደግሞ ሐኪም አይደለንም። «ልጅሽ ኦቲዝም ሳይኖርበት አይቀርም» ብሎ በር ላይ ለእናት መንገር ከሥልጣናችን በላይ ነው፤ ያውም የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ እየጠበቀ። ያየነውን ብቻ መናገር እንችላለን። ለምሳሌ እንዲህ፦ «እናቱ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ተቀመጪ። ልጃችን ሥዕል ላይ በጣም ጎበዝ ነው። ስሙን ስጠራው ግን ብዙ ጊዜ አይዞርም፤ ከጀርባው ስጠራው በተለይ። ቤት ውስጥስ እንዴት ነው?» ከዚያ ዝም ማለት። እናቶች አብዛኛውን ጊዜ ከኛ ቀድመው ያውቃሉ። የሚፈሩት ጎረቤትን ነው፤ «ምን ሠርታ ነው» የሚለውን ወሬ። ልጁን ጠበል እየወሰደችው ከሆነ አትንቀፏት፣ ጠበሉንና ጆሮ ምርመራውን አብሮ ማስኬድ ይቻላል በሏት። የናቃችኋት እናት ሁለተኛ አትመለስም፣ ልጁም እቤት ይቀራል።

የክፍል ጓደኞች ነገር ደግሞ አለ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ እሱን እርጂው» ብለን አንዷን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ረዳት እናደርጋታለን። እሷ ትሰለቻለች፣ እሱ ዕዳ ይሰማዋል። ተራ ይኑር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁም የሚረዳበት ተራ ይኑረው። በቃሉ ጎበዝ የሆነው ዓይነ ስውር ልጅ ግጥም ያስጠና፤ ማንበብ የሚቸገረው ልጅ የሳይንስ ሙከራውን ይምራ። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሆነ ልጅ ጓደኛ ሳይሆን እንግዳ ይሆናል። ስድብን በተመለከተ ግን ልምምጥ አላውቅም፤ በአካል ጉዳት የሚሳደብ ልጅ በዚያው ሰዓት ይቆማል፣ ያለ ረጅም ስብከት። የተሰደበውን ልጅ አስነሥቼ «እሱ እኮ እንደኛው ሰው ነው» የሚል ንግግር አላደርግም። ያ ንግግር ከስድቡ የባሰ ነው።

ውጭ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ በፌዴራል ሕግ የታሰረ ነው፤ መሠረቱ የወጣው በ1975 ሲሆን ዛሬ «አይዲኢኤ» ይሉታል። ልጁ ተመርምሮ ብቁ ሆኖ ከተገኘ «አይኢፒ» የሚባል በስሙ የተጻፈ የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከለሳል። ብዙ ሐበሻ ወላጅ ስብሰባው ላይ ስድስት ባለሙያ ተደርድሮ ሲያይ አንገቱን ነቅንቆ ይፈርማል፣ ለአስተማሪ አክብሮት ስላለን። አክብሮቱ ጥሩ ነው፤ ግን ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ምርመራ ለመጀመር ፈቃዳችሁን መጠየቅ አለበት፣ አገልግሎቱንም ያለ ፈቃዳችሁ መጀመር አይችልም። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ወረቀቱን ቤት ወስዶ አስነብቦ መመለስ ነውር የለውም። እባካችሁ ደግሞ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ድክመት በራሱ አፍ ለእናቱ እንዲተረጉም ማድረግ ግፍ ነው፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ቢተረጉምላችሁም አይፈረድበትም።

እዚህ አገር ቤት ያለን መምህራን እንዲህ ያለ ቡድን የለንም። መስፈርቱ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢልም ክፍሉ ስልሳ ሰባ ይሆናል፤ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ካለ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት እየዞረ ነው የሚደርሰን። «ስልሳ ልጅ ይዤ እንዴት ለአንዱ ዕቅድ ላውጣ?» የሚል መምህር ሰነፍ አይደለም፣ እውነቱን ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ አንድ ወረቀት፣ አንድ ልጅ፣ ሦስት መስመር። ምን ይችላል፣ ምን ያቅተዋል፣ በዚህ ወር አንድ ምን እንሞክር። በወሩ መጨረሻ ይህን ለልጁ አነብለትና «ሠራ?» እለዋለሁ። «አልሠራም ቲቸር፣ ፊት መቀመጥ ጠልቻለሁ፣ ሁሉም ከኋላ ያዩኛል» ያለኝ ልጅ አለ። ፊት ማስቀመጥ ድጋፍ ነው ብሎ ያስተማረኝ መጽሐፍ ይህን አልነገረኝም ነበር። ከጎን በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሰሌዳውም ይታየዋል፣ እሱም አይታይም።

ያ የሚንተባተበው ልጅ በአራተኛው ቀን መጣ። እረፍት ላይ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ግራ ገባው፣ አስተማሪ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ከዚያ «ማንበብ ሲደርስህ እንዴት ቢሆን ይሻልሃል?» አልኩት። ጠበቅሁት። መልሱ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ አፌ ላይ መጥቶ የነበረውን ቃል ዋጥ አደረግሁት፤ ለሚንተባተብ ልጅ ቃሉን መጨረስ ትልቅ ስህተት እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፣ እንዲሁ ነው የሆነልኝ። «ከ… ከሌላ ልጅ ጋር አንድ ላይ» አለኝ።

ሰው ከሰው ጋር እኩል ሲያነብ መንተባተቡ በአብዛኛው ይቀንሳል፣ ሲዘፍንም እንደዚያው፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሉን በሙሉ ሁለት ሁለት አድርጌ አስነበብኩ፣ ሁሉንም፣ እሱን ብቻ አይደለም። እሱ ከዴስኩ ጓደኛው ጋር አንድ ገጽ ጨረሰ። ማንም አላጨበጨበም። ቀጣዮቹ ሁለቱ ተነሡ።